ከብረት ክምር የተመለሰው ሞተር

ይህ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከአንድ ቅዳሜ ጠዋት እስከ ሐሙስ ከሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስድስት ቀን ብቻ ነው፤ የኔን ሕይወት ግን ለሁለት ከፍሎታል።

ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስሜ መሠረት ነው፤ የሚያውቁኝ መሲ ይሉኛል። ተወልጄ ያደግኩት ጅጅጋ ነው። አያቴ ወታደር ሆነው መጥተው እዚያው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ፤ አባቴ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። ከቴክኒክ ኮሌጅ በመኪና ኤሌክትሪክ ተመርቄ ጋሽ ሰይፉ ጋራዥ ከገባሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

የጋሽ ሰይፉ ጋራዥ እንደ ሌላው ጋራዥ አይደለም። ዘይት ልቀይር ብሎ የሚመጣ ሰው የለውም። የሚመጣው የአባቱን ላንድሮቨር ከጓሮ ጎትቶ ያወጣ ነጋዴ ወይም አያቱ ይነዷት የነበረችውን ፊያት እንደገና አስፋልት ላይ ማየት የሚፈልግ የጎዴ ሰው ነው። አሮጌ መኪና ማደስ፣ አንዳንዴም አዲስ ሞተር ገጥሞ ማሻሻል፣ ሥራችን ይኸው ነው። ጋሽ ሰይፉ በሞተር የታወቁ ናቸው። ብረት ሥራውንና ቀለሙን ሌሎች ይሠራሉ። እኔ ሽቦ እዘረጋለሁ፣ መብራት አበራለሁ። ሞተር አልነካም። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ቀን «ሞተር ሲፈታ አብሬ ልሥራ?» ብዬ ጠይቄያቸው «የአንቺን ሥራ በደንብ ትሠሪያለሽ፣ ምን ጎደለሽ?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። እንዲሁ ሲፈቱ ከጀርባቸው ቆሜ ማየት ልማዴ ሆነ።

ሂቦ የምትባል የልብስ ነጋዴ ከሦስት ወር በፊት በጭነት መኪና አንድ ላንድሮቨር ጭና መጥታ ነበር። የአባቷ ነው። አዲጋላ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ግራር ሥር ለብዙ ዓመት ቆሞ፣ ፍየል ከላዩ ላይ እየወጣ ቅጠል ይበላበት ነበር። «ልጄን ደምበል በምትባለው የገጠር ከተማችን ልድራት ነው» አለችን። «አባቴ ድሮ የደምበልን ሙሽሮች የሚያደርሰው በዚህች መኪና ነበር። የልጅ ልጁንም በሷ እንዲያደርሳት እፈልጋለሁ። አባቴ አሁን ዓይኑ አያይም፤ እሱ አይነዳም፣ ግን ከፊት ይቀመጣል። እንዳትነግሩት፣ ድንገት ነው የምሰጠው።»

ጋሽ ሰይፉ ሞተሩን ለማዞር ሞከሩ፤ ንቅንቅ አላለም። ዝገቱ ፒስተኖቹን ከውስጥ አጣብቋቸዋል። «ይሄ ሞቷል» አሉ። ሂቦን አስማምተው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ገጠሙበት። ሥራው እውነትም ያማረ ነበር። ቀለሙ እንደ ድሮው፣ መቀመጫው እንደ ድሮው፣ በግራ በኩል ያለችውን ጎድጓዳ እንኳን ሂቦ እንዳትነኩ ስላለች አልነካናትም። ሽቦውን ሁሉ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ኮርቼበት ነበር።

ያ ቅዳሜ መኪናውን የሚረከቡበት ቀን ነው። ሠርጉ ሐሙስ ነበር። የጅጅጋ የጥር ነፋስ አቧራውን እያነሳ ይነዛዋል። ሂቦ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ገባች። አዴር ሮብሌ ረጅም ናቸው፤ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ በትራቸውን ከሚደገፉባት ይልቅ ሲናገሩ የሚወዘውዟት ሰው። «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ከተማ ውስጥ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው።

ሂቦ እጃቸውን ወስዳ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ዳሰሱ። መብራቷን፣ በሯን፣ ከዚያ ያችን ጎድጓዳ። ጣታቸው ጎድጓዳዋ ውስጥ ሲገባ ቆሙ።

«ይህቺን የረገጠቻት ግመል ናት» አሉ። «የወንድሜ ግመል።» ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ሂቦ፣ ከየት አመጣሻት?»

የሁላችንም ዓይን እንባ ሞላ። ጋሽ ሰይፉ ራሳቸው ገብተው ቁልፉን አዞሩ። የናፍጣው ሞተር ወዲያው ተነሳ፤ ንጹሕ፣ ጤነኛ ድምፅ።

የሽማግሌው ፊት ተዘጋ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፤ በር እንደሚዘጋ ነው የተዘጋው። እጃቸውን ከመኪናው ላይ አነሱ።

«ይሄ መኪና የማን ነው?» አሉ።

«አቦ፣ ያንተ ናት እኮ» አለች ሂቦ፣ አባቷን በሶማሊኛ እየጠራች። «አሁን በእጅህ አገኘሃት።»

«ገላዋ የሷ ነው። ድምፁ ግን የሌላ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጋሽ ሰይፉ አዙረው ከሶማሊኛ ጋር በተቀላቀለ አማርኛቸው እንዲህ አሉ፦ «እጃችሁ ይባረክ፤ ቆንጆ ሥራ ነው። ልጄም ደክማለች፣ አላህ ይስጣት። እኔ ግን ወደ ሠርጉ በሚኒባስ እሄዳለሁ። በማላውቃት መኪና ደምበል ብገባ፣ ማን ነው የገባው ይሉኛል?»

ቁጣ የለበትም። ትሕትናቸው ነው ልብ የሰበረው። ሂቦ አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ ከመኪናው ኋላ ሄዳ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች።

እኔ ምን እንደነካኝ እስካሁን አላውቅም። «ጋሽ ሰይፉ፣ አሮጌው ሞተር የት ነው ያለው?» አልኩ።

«ሰኞ ዕለት ብረት ሰብሳቢው ወስዶታል። ለምን ጠየቅሽ?»

«ልመልሰው።»

«ማን ነው የሚመልሰው?»

«እኔ።»

ሠራተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ሰይፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «መሠረት፣ ያንን ሞተር ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሞተር የፈታሁት እኔ።»

«አውቃለሁ። ግን ሲፈታ አላየነውም። ሳንከፍተው ነው የቀበርነው።»

ይህ አባባሌ ደማቸውን እንዳፈላው ታወቀኝ።  «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሂቦ ከፈቀደች ቶዮታውን እናወርደዋለን። ያኛው ካልተነሳ ግን ሠርጉ ያለ መኪና ነው የሚያልፈው። ለሂቦ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ አትይዢም።»

ሂቦ እንባዋን ጠርጋ ሰማችን። «አሁንስ ምን አለኝ?» አለች። «ያለችኝ መኪና አባቴ የማይሳፈርባት መኪና ናት። ሞክሪ።»

ብረት ሰብሳቢው ዕቃውን የሚያከማቸው ሐርተሼክ ነው። ከሂቦ ጋር በጋራዡ ፒክአፕ ሄድን። ድሮ ስደተኞች በሰፈሩበት ሜዳ ዳር ያለ ሰፊ ግቢ ነው፤ የአልጋ ብረት፣ የተቀደደ በርሜል፣ የጭነት መኪና ጎማ ቸርኬ እንደ ኮረብታ ተከምሯል። ሰውየው ሳቀብን። «ነገ ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ ሁሉንም ይወስደዋል። እኔ ራሴ የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ፈልጉ።»

ሁለት ሰዓት ፈለግን። ሂቦ የነጋዴ ጫማዋን አውልቃ ክምሩ ላይ ወጣች። ያገኘችውም እሷ ናት። ከቆርቆሮ ሥር አንድ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። አዴር ሮብሌ የሞተሩን ክዳን በቤት ቀለም ሰማያዊ ቀብተውት እንደነበር አስታወስኩ። ማራገቢያው ተሰብሯል፣ አንዱን ጎኑን ጭቃ በልቶታል፤ ግን ዋናው አካሉ አልተሰነጠቀም። ስድስት ሰው ሆነው በሰንሰለት ጎትተው ጫኑልን። ስንመለስ ፒክአፑ ከክብደቱ የተነሳ ከኋላው ዝቅ ብሎ እየሄደ፣ እኔም ወደ ኋላ እየዞርኩ ሞተሩን እያየሁ ነበር። ሞተሩን ስናገኘው የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። እስካሁን በአፌ ነበር፤ ከዚህ በኋላ በእጄ ነው።

እሑድ ጠዋት ከፈትኩት። አዴር ሮብሌ ሰምተው በልጃቸው ተደግፈው መጥተው ነበር። ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሰይፉ ከሌላ መኪና ሥር ገብተው ይሠራሉ፤ ወደ እኔ አያዩም። ዝገቱ እንደ ቀይ አሸዋ ረገፈ። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ናፍጣና የፍሬን ዘይት ቀላቅዬ ሞልቼ እንዲረጥብ ተውኩት።

በጥበቃው ጊዜ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። «አዴር፣ ድምፁን ለምን እንዲህ ወደዱት?»

«እኔ አልወደድኩትም፤ ሰው ነው የወደደው» አሉ። «አዲጋላ ባቡሩ ሲቆም ሰው ይጎርፋል፣ ጫጫታ ነው። እርጉዝ አለች፣ ሙሽራ አለች፣ ጆንያ የተሸከመ አለ። ማንም በዓይኑ አይፈልገኝም። ሞተሬን አጠፋም፤ ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ። ደምበል ስገባም እንደዚያው ነው፤ ከመታየቴ በፊት ይሰሙኛል። ዓይኔ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ልጄ፣ እኔ ራሴ ሰውን የማውቀው በድምፁ ሆነ።»

ሰኞ ፒስተኖቹን ማውጣት ጀመርኩ። እንጨት ደግፌ በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁ። አንዱ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ከቀትር በፊት ወጣ። አራተኛው አልወጣም። መታሁት፣ ዘይት ጨመርኩለት፣ ደግሜ መታሁት። ከዚህ በላይ ብመታው እንደሚሰነጠቅ ገባኝ። መዶሻውን አስቀምጬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ቆስሏል። ጋሽ ሰይፉ አንዴ አለፉና ቆመው አዩ፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። 

ሻይ የምታመጣልን ሐሊማ የምትባል ሴት ነበረች። ያን ቀን ከዘንቢሏ ብርጭቆ ስታወጣ ሁለት ብርጭቆ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል። አልታገለችም። በላይኛው ብርጭቆ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ጨመረች፤ ከታች ያለውን ከተርሙዝ በቀዳችው ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከረች። ብርጭቆዎቹ ኮሽ ሳይሉ ተለያዩ።

አፌን ከፍቼ አየኋት። የውጭው በሙቀት ይሰፋል፤ የውስጡ በቅዝቃዜ ይኮማተራል። ሞተርም እኮ በዙሪያው የውኃ መሄጃ አለው።

«ሐሊማ፣ ውኃ አፍይልኝ» አልኳት። «ትልቅ ድስት።»

የፈላውን ውኃ በሞተሩ ዙሪያ ባለው የውኃ መሄጃ ደጋግሜ አፈሰስኩ፤ ፒስተኑ ላይ ደግሞ ከሱቅ ያስመጣሁትን በረዶ የገባበት ውኃ ጨመርኩ። ከዚያ እንጨቱን ደግፌ አንድ ጊዜ መታሁ። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደግሜ መታሁ። ፒስተኑ ተንሸራተተ።

ዞር ስል ጋሽ ሰይፉ ከጀርባዬ ቆመዋል። ለአራት ዓመት እኔ ከእሳቸው ጀርባ የምቆም ነበርኩ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉ።

«ሐሊማ።»

ሐሊማን አዩ፤ ሻይዋን ትቀዳለች። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ስልካቸው ሄዱ። ድሬዳዋ ላለ የመለዋወጫ ወዳጃቸው ሲደውሉ ሰማኋቸው። «የድሮው ላንድሮቨር ፋሻ አለህ? አዎ፣ የቤንዚኑ። ለነገ ጠዋት በሚኒባስ ስደድልኝ።» ፋሻ የምንለው ፒስተኑን የሚያጠብቁትን ቀለበቶች ነው። የኔዎቹ ሁሉ በዝገት ተሰብረው ነበር፤ እሳቸው ሳልነግራቸው አይተውታል።

ማክሰኞ ዕቃው ደረሰ። ያን ቀን ሌላ ችግር ተነሳ። ቶዮታውን ስንገጥም የድሮውን ሞተር መቀመጫ ከሻንሲው ላይ ቆርጠን ጥለነው ነበር። እኔ ብየዳ አላውቅም። ምን እንደማደርግ ሳሰላስል ጋሽ ሰይፉ የብየዳ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከጎኔ አልተለዩም። ሞተሩን ግን አልነኩትም። «ይቺን ብሎን ምን ያህል ላጥብቃት?» ስላቸው «እጅሽ ምን ይላል?» ይሉኛል።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሞተሩ ቦታው ገባ። በየሲሊንደሩ እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎች፣ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱላቸውን ገመዶች፣ ሁሉንም አገናኘሁ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆሟል። ሂቦ የአባቷን እጅ ይዛለች። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ዞረ፣ አስነጠሰ፣ በጭስ ማውጫው እንደ ጥይት ጮኸና ቆመ። ደግሜ አዞርኩ። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ፣ ያው።  ሐሙስ ጠዋት ሠርግ ነው። ጋሽ ሰይፉ ጺማቸውን ይደባብሳሉ። ችግሩ እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አያለሁ፤ ግን ከሁሉ ቀድመው የተናገሩት አዴር ሮብሌ ናቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው። «አራቱም በሕይወት አሉ። ሁለቱ ግን ተራ ተሳስተዋል። አንደኛው ሊናገር ሲል ሌላው ይቀድመዋል።»

ወደ ካንዴላ ገመዶቹ አየሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አቀያይሬያቸዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስሠራው የኖርኩት የራሴ ሥራ! ሞተሩን ያህል ነገር ከሞት አስነስቼ በገመድ መሳሳቴ ያሳፍርም ያስቅም ነበር። ጋሽ ሰይፉ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ እኔም ሳቅኩ። ገመዶቹን ቦታቸው መልሼ ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳ። መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ረጋ። የቤንዚን ሞተር ነው፤ እንደ ናፍጣው አይንኳኳም። ወፍራም፣ ትንሽ የሚያፏጭ፣ በየመሐሉ እንደሚተነፍስ ሰው ልስላሴ ያለው ድምፅ።  አዴር ሮብሌ ከወንበራቸው ተነሱ፤ የሂቦን እጅ ለቀው፣ ያለ በትር፣ ቀጥ ብለው ወደ ድምፁ ሄዱ። ኮፈኑ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ግንባራቸውን አሳረፉበት።  ሂቦም ቀርባ ጎናቸው ቆመች።

ሐሙስ እኔ ነዳሁ። አዴር ሮብሌ እኔ ካልነዳሁ በቀር እንደማይሳፈሩ ተናግረው ነበር። ከኋላ ሙሽራዋና ሂቦ፣ ከፊት እሳቸው። ከኛ ኋላ አዳዲስ መኪኖች ተሰልፈዋል። የደምበል መንገድ አቧራና ጠጠር ነው። ሽማግሌው ሞተሩ ሲከብደው እየሰሙ መንገዱን ይነግሩኛል። «አሁን ዳገቱ ነው፤ ሁለተኛ አድርጊ።» «አሁን ደረቁ ወንዝ ነው፤ በስተቀኝ ያዢ፣ በግራ አሸዋ ነው።» በስተቀኝ ይዤ ተሻገርኩ። ከኋላችን ያለው መኪና በግራ መጥቶ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ። ላንድሮቨሯ ወደ ኋላ ተመልሳ በገመድ ጎትታ አወጣችው። ሙሽራዋ ከኋላ ሆና በሳቅ ሞተች። አዴር ሮብሌ ግን በቁም ነገር «ድሮም እንዲሁ ነበረች» ብለው ጺማቸውን አስተካከሉ።

ደምበል ልንገባ ስንል ሞተሩን ከፍ እንዳደርገው ነገሩኝ። ነዳጁን ረገጥ አደረግኩ። ከመጀመሪያው ቤት አንዲት አሮጊት በሩን ከፍተው ወጡ። ነጠላ ጫማቸው በአንድ እግራቸው ብቻ ነው። ቆመው ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ ከዚያ ወደ ቤት ዞረው በሶማሊኛ ተጣሩ፦ «ኑ ውጡ፣ ሮብሌ መጣ።» መኪናዋን ገና አላዩም ነበር፤ መንገዱ ይዞራል። ከየቤቱ ሰው ወጣ። ሽማግሌዎች፣ ያንን ሞተር በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የሰሙ ጎልማሶች። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። አዴር ሮብሌ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው የሚነካቸውን ሁሉ እየጨበጡ በስሙ ይጠሩ ነበር፤ እያንዳንዱን በድምፁ አወቁት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን ላሳጥርላችሁ። በማግስቱ ጋሽ ሰይፉ የሞተር መፍቻ ሣጥናቸውን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።  አሁን ሞተር ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ፤ ሁለት ሴት ልጆችም አሠለጥናለሁ። መጀመሪያ የማስተምራቸው ቁልፍ አያያዝ አይደለም። ባለቤቱን አስቀምጠው እንዲጠይቁት ነው፦ ይህች መኪና ማንን አመላለሰች? ምን ትል ነበር? ቶዮታ መግጠም ስህተት ነው አልልም፤ ዛሬም ለሚፈልግ እገጥማለሁ። ስህተታችን ሳንጠይቅ መግጠማችን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ እናንተም ውስጥ እንደ እኔ የሆነ ሰው ካለ። እኔን ማንም አልከለከለኝም ነበር። አንዴ ጠይቄ፣ ትንሽ ለስለስ ያለ «አይ» ሰምቼ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሳልጠይቅ ሁለት ዓመት ኖርኩ። «አሮጌው ሞተር የት ነው ያለው?» ያልኩት ሁለተኛው ጥያቄ ነው ሕይወቴን የለወጠው። እናንተ ያልጠየቃችሁት ሁለተኛ ጥያቄ ካለ፣ ዛሬ ጠይቁት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሐረር ሰው የተፈታታ ሞተር በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ግቢያችን ገባ። ብዙ ጋራዥ ዞሮ ሁሉም «ሞቷል» ብለውታል። ጋሽ ሰይፉ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው «የሞተሩ ባለሙያ እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

«እኔ ነበርኩ» አሉት። ከረጢቱን አንዱን ጫፍ ራሳቸው አነሱለት። «አሁን እሷን ነው የምትጠይቀው። እኔም ሲጠፋኝ የምጠይቀው እሷን ነው።»